ከመርከቡ ማን ይቅር?

በጉጂና በቦረና ምድር፣ ጥድና ዝግባ በሚበቅሉባቸው ተራሮች ጥጋጥግ፣ ከኢትዮጵያ ውጭ በየትም አገር የማይገኝ ወፍ ይኖራል። አካሉ አረንጓዴ ነው፤ ጉትዬው ነጣ ያለ፣ የዓይኑ ዙሪያ ቀይ፣ ክንፉን ሲዘረጋ ደግሞ ተሸፍኖ የነበረ ደማቅ ቀይ ላባ ብቅ ይላል። ሳይንቲስቶች የሩስፖሊ ቱራኮ ብለው መዝግበውታል። መኖሪያው በነጌሌ፣ በአሬሮና በገናሌ ወንዝ ዙሪያ ባሉ ደኖችና የደን ዳርቻዎች የተወሰነ ነው። በዓለም ካርታ ላይ ስፍራውን በአንድ ጣት መሸፈን ይቻላል።

የክንፉ ቀይ ቀለም ለብቻው ሊደነቅ የሚገባው ነው። ቱራሲን ይባላል፤ በውስጡ መዳብ አለ፤ ወፉ መዳቡን የሚያገኘው ከሚበላው ምግብ ነው። ይህ ቀለም ከቱራኮ ወገን ውጭ በሌላ ወፍ ላይ አይገኝም። ከአፈር ወደ ሾላ፣ ከሾላ ወደ ክንፍ የሚጓዝ መዳብ! እንዲህ ስላለው ፍጥረት ሲነገር ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፤ ምን ይጠቅማል?

ጥያቄው ከክፋት የሚመጣ አይደለም። ድርቅ ከብቱን የጨረሰበት አርብቶ አደር፣ ለጤና ጣቢያና ለትምህርት ቤት የማይበቃ በጀት የሚደለድል ሹም፣ ልጆቿን በከሰል ሽያጭ የምታሳድግ እናት፣ ሁሉም የመጠየቅ መብት አላቸው። ስለዚህ መልሱ ሊታሰብበት ይገባል።

የደን ባለሙያዎች አንድ መልስ አላቸው። ቱራኮ ፍሬ በል ነው፤ የዋጠውን ፍሬ ዘር ርቆ ወስዶ ይጥላል፤ ደኑም በዚያ ይታደሳል። መልሱ እውነት ነው፤ ብቻውን ሲቆም ግን አይጸናም። በኢትዮጵያ ደጋ ሰፊ ቦታ የሚኖር፣ ቁጥሩም የበዛ ሌላ ቱራኮ አለ፤ ጉንጩ ነጭ የሆነው። እሱም ፍሬ ይበላል፣ እሱም ዘር ይበትናል፤ ሁለቱ በሚገናኙበት ቦታም ተዳቅለው ታይተዋል። እንግዲህ የሩስፖሊ ቱራኮ የሚኖረው በአገልግሎቱ ብቻ ከሆነ፣ አገልግሎቱን ጎረቤቱ ሊሸፍንለት ስለሚችል፣ ቢጠፋ የሚቆጠር ኪሳራ የለም ማለት ነው። በጥቅም የተሟገተ ጠበቃ በጥቅም ይረታል። ጉዳዩ ከሥነ ሕይወት ወደ ሃይማኖትና ወደ ፍልስፍና የሚሻገረው እዚህ ላይ ነው፤ ማንም የማይፈልገው ፍጥረት የመኖር መብቱን ከማን ያገኛል?

ወፉ ወደ ሳይንስ መዝገብ የገባበት ታሪክ ለዚህ ጥያቄ የሚነግረን ነገር አለ። ኢዩጄኒዮ ሩስፖሊ ጣሊያናዊ መስፍን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1890ዎቹ መጀመሪያ ከሶማሌ ምድር ተነሥቶ እንስሳትና ዕፅዋት እየሰበሰበ ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ ዘለቀ። በዲሴምበር 1893 ዝሆን ሲያድን ዝሆኑ ገደለው፤ ዕድሜው ገና 27 ነበር። ከሰበሰባቸው ነገሮች መካከል የአንድ እንግዳ ቱራኮ ቆዳ ተገኘ፤ የት እንደተያዘ የሚናገር ማስታወሻ ግን አልነበረም። ቶማሶ ሳልቫዶሪ የተባለ የአእዋፍ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1896 ለወፉ ሳይንሳዊ ስም ሲያወጣ የሟቹን መስፍን ስም ሰጠው። ከዚያም እስከ 1940ዎቹ ድረስ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ፣ ወፉ ከሳይንስ ዓይን ተሰወረ።

ከሳይንስ ዓይን ተሰወረ እንጂ ከአገሩ አልጠፋም። በአሬሮ ጥድ ላይ ጎጆውን ይሠራ ነበር፤ እረኞች በሥሩ ያልፉ ነበር፤ ጠዋትና ማታ ይጮህ ነበር። በዚያ ሁሉ ዘመን ማንም አልመዘነውም፣ አልቆጠረውም፣ ጥቅሙን አላሰላም። አማኝ ይህን ሲሰማ አይደነቅም፤ ፍጥረትን የሚያውቀው ፈጣሪው ነው፣ የሰው መዝገብ ዘግይቶ የመጣ ነው። የማያምነውም ቢሆን አንድ ነገር ለመቀበል ይገደዳል፤ የወፉ መኖር በእኛ ማወቅ ላይ አልተመሠረተም። መኖሩ በእኛ ማወቅ ላይ ካልተመሠረተ፣ ዋጋው በእኛ መፈለግ ላይ ተመሥርቷል ማለት እንዴት ይቻላል?

ዛሬ ወፉ ደረጃ አለው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከ1964 ጀምሮ የሚያዘጋጀው ቀይ መዝገብ ፍጥረታትን እንደ አደጋቸው መጠን ይመድባል፤ የወፎቹን ምደባ የሚሠራው በርድላይፍ ኢንተርናሽናል ነው። ከመለኪያዎቹ አንዱ የስርጭት ስፋት ነው። የአንድ ዝርያ ስርጭት ከ20,000 ስኩዌር ኪሎ ሜትር በታች ሆኖ መኖሪያው እየተቆራረጠና እየጠበበ ሲሄድ ተጋላጭ ይባላል፤ ከ5,000 ሲያንስ አደጋ ላይ ያለ፣ ከ100 ሲያንስ ደግሞ በከፋ አደጋ ላይ ያለ ይባላል። የሩስፖሊ ቱራኮ ቀድሞ ተጋላጭ ተብሎ ተመዝግቦ ነበር፤ በኋላ ለአደጋ የቀረበ ወደሚባለው ቀለል ያለ ደረጃ ተዛውሯል። ይህ የሆነው በዋናነት ወፉ ስለበዛ ሳይሆን፣ ቀድሞ ከታሰበው ሰፋ ባለ ቦታ እንደሚገኝ ስለታወቀ ነው። ዜናው መልካም ነው። ሆኖም ጥዱ ዛሬም ለቤት ማገርና ለአጥር ይቆረጣል፤ ምስጥ ስለማይደፍረው ተፈላጊ ነው፤ ከሰል ይከሰላል፤ የእርሻ ዳርቻም ወደ ደኑ ይገፋል።

የዚህን መዝገብ ትርጉም ብዙ ሰው ያምታታል። ቀይ መዝገብ የሚለካው አደጋን ነው፤ ዋጋን አይደለም። የሕመምተኛውን ትኩሳት የሚለካ ሐኪም ለሰውዬው ክብር ደረጃ እየሰጠ አይደለም። የቱራኮው ደረጃ ሲቀልል ወፉ አልረከሰም፤ በዚያው በነጌሌ አቅራቢያ በሊበን ሜዳ የምትኖረው ሊበን ላርክ የምትባለው ትንሽ የሣር ወፍ በከፋ አደጋ ላይ ስትመደብም ዋጋዋ ያን ቀን አልተወለደም። ሳይንቲስቶች በአፍሪካ ዋና ምድር በታሪክ የሚመዘገበው የመጀመሪያው የወፍ ዝርያ መጥፋት የእሷ እንዳይሆን ሲሰጉ ኖረዋል። የሁለቱ ወፎች ደረጃ የተራራቀ ነው፤ የመኖር መብታቸው ግን እኩል ነው። ጉዳዩን በደረጃ ብቻ የሚያይ ሰው ፍጥረትን የሚያስታውሰው ሊያልቅ ሲል ብቻ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በወጣው የበርድላይፍ ሪፖርት መሠረት ከዓለም የወፍ ዝርያዎች ከስምንቱ አንዱ የመጥፋት አደጋ ተደቅኖበታል፤ ግማሽ ያህሉ ደግሞ ቁጥራቸው እየቀነሰ ነው። ገና ለአደጋ አልደረሱም የሚባሉትም እየሳሱ ነው ማለት ነው።

ፈላስፎች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያነሡት ከባድ ተቃውሞ አለ። የሚራበው፣ የሚቆስለው፣ የሚፈራው እያንዳንዱ ወፍ ነው፤ ዝርያ የሚባለው ነገር አይራብም፣ አይቆስልም። ታዲያ ዝርያ ሲጠፋ የተበደለው ማን ነው?

በሃዋይ፣ በካዋይ ደሴት ተራራማ ደን ይኖር የነበረውን ኦኦ የተባለ ወፍ ታሪክ ማንሣት እዚህ ላይ ይረዳል። በትንኝ የሚተላለፍ የወፍ ወባ፣ ከውጭ የገቡ አውሬዎችና የደን መመንጠር ዘሩን አመነመኑት፤ በ1980ዎቹ መጀመሪያ አንድ ጥንድ ብቻ ይታወቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ኢዋ የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ ሴቷ አልታየችም። ወንዱ ለብቻው ሲዘምር በድምፅ ተቀድቷል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የተሰማውም በ1987 ነው። በ2023 የአሜሪካ መንግሥት ከሚጠበቁ ፍጥረታት ዝርዝር አወጣው፤ ምክንያቱም ጠፍቷል። ያ ወንድ ወፍ ከሌላው ወፍ የተለየ ረኃብ አልተራበም፣ የተለየ ሞትም አልሞተም። በሞቱ ያበቃው ነገር ግን ሌላ ወፍ ሲሞት ከሚያበቃው እጅግ ይበልጣል። ሕመምን ብቻ እየደመረ የሚፈርድ ሥነ ምግባር ይህን ልዩነት ማየት አይችልም።

የኖኅ ታሪክ ያየዋል። ስለ ጥፋት ውኃ ሲሰበክ ዘወትር የሚነሣው የሰው ኃጢአትና የመጣው ቅጣት ነው፤ ስለ መርከቡ ተሳፋሪዎች ግን ብዙም አይባልም። በታሪኩ ውስጥ እያንዳንዱ እንስሳ አልተረፈም፤ የተረፈው ወገን ነው። እንስሳቱ ጥንድ ጥንድ ሆነው እንዲገቡ የታዘዘበት ምክንያትም በግልጽ ተቀምጧል፤ ዘራቸው በምድር ላይ እንዲቀር ነው። ለኖኅ የጥቅም ሚዛን አልተሰጠውም። የሚታለበውን አስገባ፣ የማይታለበውን ተወው አልተባለም። ንጹሑም ርኩሱም ገብተዋል፤ ልዩነቱ በቁጥራቸው ነበር እንጂ በመግባታቸው አልነበረም። ከመርከቡ አስቀድሞ የተላከው ቁራ እንኳ በኋላ በኦሪት ሕግ እንዳይበላ ከተከለከሉት ወፎች አንዱ ነው። የማይበላ፣ የማይሠዋ፣ የማይሸጥ ወፍ በመርከቡ ውስጥ ቦታ ነበረው። ለሩስፖሊ ቱራኮ ከዚህ የበለጠ ጠበቃ ከየት ይመጣል?

የእስልምና ትምህርትም በዚሁ መንገድ ላይ ይገኛል። ነቢዩ ኑሕ ከየዓይነቱ ጥንድ እንዲጭን መታዘዙ በቁርኣን ተነግሯል፤ በሌላ ስፍራም በምድር የሚሄዱ እንስሳትና በሁለት ክንፋቸው የሚበሩ ወፎች እንደ ሰዎች ሁሉ ማኅበረሰቦች መሆናቸው ተገልጿል። አማኝ ከተከለው ዛፍ ወፍ ቢበላ ለተካዩ ምጽዋት ሆኖ እንደሚቆጠርለትም በሐዲስ ይነገራል። ወፉ ለተካዩ ምን መለሰ ተብሎ አይጠየቅም።

በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ የሥነ ፍጥረት ትምህርት ደግሞ ፍጥረታት ሃያ ሁለት ተብለው ይቆጠራሉ። በሐሙስ ቀን ከውኃ የተገኙት ሦስት ናቸው፤ በልብ የሚሳቡ፣ በእግር የሚሽከረከሩ፣ በክንፍ የሚበሩ። ሰው በዓርብ ከተፈጠሩት አንዱ ነው። በዚህ ቆጠራ ሰው የከበረ ነው፤ ግን ብቻውን አይደለም፤ በክንፍ የሚበሩትም ከሃያ ሁለቱ አንዱን ቦታ ይዘዋል። ብዙ ተባዙ የሚለው በረከት በኦሪት ዘፍጥረት ለመጀመሪያ ጊዜ የተነገረውም በዚያ በሐሙስ ነው፤ ለሰው ከመነገሩ አንድ ቀን ቀድሞ፣ ለውኃ ፍጥረታትና ለወፎች። ሰው የተቀበለው በረከት ወፎች ቀድመው የተቀበሉት ነው። ይህን የሚያውቅ ሰው በወፍ ዘር ላይ እጁን ሲያነሣ በማን በረከት ላይ እንደሚያነሣ ሊያስብ ይገባዋል።

የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎችም የሚያስተምሩት ነገር አለ። አቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ በአንበሶችና በነብሮች መካከል ቆመው ይሣላሉ፤ ከፊታቸው ደግሞ አንዲት ወፍ ትታያለች። በውኃ ጥም የተያዘች ወፍ ከጻድቁ ዓይን እንባ ጠጥታ እንደረካች ይነገራል። ብዙ ምእመን በየወሩ በአምስተኛው ቀን ይህን ሥዕል ይሳለማል። ወፏ ለጻድቁ ምን ጠቀመች? ምንም። ጻድቁ ናቸው ለወፏ የጠቀሙት። የጥቅሙ አቅጣጫ ከሰው ወደ ፍጥረት ሲሆን ማየት ለዘመናችን ጆሮ እንግዳ ይመስላል፤ ለአገሩ እምነት ግን የቆየ ነገር ነው።

ቱራኮው በሚኖርበት አገር በኦሮሞ ዘንድ ሳፉ የሚባል ሥርዓት አለ። ሳፉ በሰውና በሰው፣ በሰውና በፍጥረት፣ በፍጥረትና በዋቃ (በፈጣሪ) መካከል ያለውን ርቀትና ክብር የሚጠብቅ የሞራል ሕግ ነው። እያንዳንዱ ነገር የራሱ ስፍራ አለው፤ ስፍራውን መድፈር ነውር ነው። የዱር ፍጥረት ከሰው መንገድ ወጥቶ የሚኖርበት ቦታ እንዳለው ሳፉ የሚያውቅ ሰው ከማንም ሳይንቲስት ሳይማር ያውቃል።

አሁን ወደ ከሰሉ እንመለስ። የሃይማኖት ክርክር ሁሉ በረሃብተኛ ፊት ሲቆም ይፈተናል። በአፍሪካ ቀንድ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስት የዝናብ ወቅቶች በተከታታይ ከሽፈዋል፤ በቦረና ብቻ በሚሊዮን የሚቆጠር ከብት አልቋል። ከብቷ ያለቀባት ሴት ጥድ ቆርጣ ከሰል ብትሸጥ፣ በወፍ ስም የሚወቅሳት ማን ነው? በከተማ ተቀምጦ በእሷ ከሰል ቡና የሚያፈላ ሰው ለመውቀስ የመጨረሻው መሆን አለበት።

ለዚህ ፈተና ጥሩው መልስ የሚገኘው በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 22 ነው። በመንገድ ላይ የወፍ ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ወይም ከእንቁላሏ ጋር አብሮ እንዳይወስድ ታዟል። ጫጩቶቹን መውሰድ ይችላል፤ እናቲቱን ግን መልቀቅ አለበት። ሕጉ የተራበውን አልከለከለም፤ የወፍ እንቁላል አትብላ አላለም። የከለከለው የዘሩን መነሻና ፍሬውን በአንድ እጅ ማጥፋትን ነው። ለሚጠብቀውም የተሰጠው ተስፋ ዕድሜ መርዘምና መልካም ነገር ማግኘት ነው፤ አባትና እናትን ለሚያከብር የተሰጠው ያው ተስፋ ነው። ወፏን የለቀቀ ሰውና ወላጁን ያከበረ ልጅ በአንድ ዋጋ መቆማቸው ጥልቅ ነገር ነው።

እንግዲህ ድንበሩ ይህ ነው፤ መጠቀም ተፈቅዷል፤ ዘር መቁረጥ አልተፈቀደም። ድሀዋ ሴት አንድ ዛፍ ስትቆርጥ በመጀመሪያው በኩል ናት። በጭነት መኪና እየጫነ ደኑን ከሥሩ የሚያወጣ ነጋዴ፣ ያንንም እያየ የሚያልፍ ሹም፣ በሁለተኛው በኩል ናቸው። ሸክሙን ሁሉ በሴትዮዋ ትከሻ ላይ መጣል በሃይማኖትም በፍልስፍናም ግፍ ነው። የማስረዳት ግዴታውም ከወፉ ላይ ይነሣ። ለመኖር ማስረጃ ማቅረብ ያለበት ወፉ አይደለም፤ ዘሩን የሚያቋርጥ ሥራ የሚሠራ ሰው ለምን ሌላ መንገድ እንዳጣ ያስረዳ።

እምነት ደን እንደሚጠብቅ በሰሜን ኢትዮጵያ በዓይን ይታያል። በደቡብ ጎንደር ከሺህ የሚበልጡ የቤተ ክርስቲያን ደኖች በእርሻ መካከል ቀርተዋል፤ አብዛኞቹ ጥቂት ሔክታር ብቻ ናቸው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴና አሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ከካህናቱ ጋር ሆነው አንዳንዶቹን በድንጋይ ካብ እንዲታጠሩ አድርገዋል፤ ድንጋዩ ከገበሬው ማሳ የተለቀመ ስለሆነ እርሻውም ተጠቀመ፣ ከብትም ችግኙን አልረገጠም። ካህናቱ ደኑን ያቆዩት ለታቦቱ ክብር ነው፤ በጥላው የሚኖሩትን ወፎች አስበው አይደለም። ይህ የመልካም ሥራውን ዋጋ ይቀንሳል የሚል ሰው ይኖራል። አይቀንስም። ለአንድ ቅዱስ ነገር የተደረገ ጥበቃ ያልታሰቡትንም ማቀፉ የጥበቃው ደግነት ነው። ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ያልታሰበ ነገር ሲጠፋ የሚያስተውለው የለም። ስለዚህ ወፉ በትምህርቱ ውስጥ በግልጽ ሊገባ ይገባል።

የሰሜኑ ካብ እንዳለ ወደ ነጌሌ አይጫንም። አገሩ ሌላ ነው፤ ኦርቶዶክሱ፣ ሙስሊሙ፣ ፕሮቴስታንቱና የዋቄፈና ተከታዩ አብረው ይኖራሉ፤ ከብቱም ሰፊ መሬት ይፈልጋል። ነገር ግን ለዚያ አገር የሚስማማ የአገሩ ሥርዓት አለ። ቦረናዎች ለጥጃና ለደከመ ከብት ሣር የሚያቆዩበት ካሎ የሚባል ክልል አላቸው፤ በሊበን ሜዳ ለላርኳ የሚሆን ሣር እንዲያገግም የተከለሉት ቦታዎች በዚሁ ልማድ ላይ የቆሙ ናቸው። ከብቱ በክፉ ቀን ሣር ያገኛል፤ ወፏም መራቢያ ታገኛለች። ለቱራኮውም ይህን የመሰለ ነገር ማድረግ ይቻላል። ወፉ ድፍን ጫካ ብቻ የሚፈልግ አይደለም፤ በደን ዳርቻና ፍሬ ባላቸው ዛፎች ላይ ይኖራል። በማሳ ዳር ያረጀ ሾላ እንዲቆም፣ በወንዝ ዳር ያለው ዛፍ እንዳይመነጠር፣ የጥድ ደኑ እንደ ካሎው በሽማግሌ ቃል እንዲከለል ማድረግ ከዚያ አገር ሰው አቅም በላይ አይደለም።

የነጌሌ፣ የአሬሮና የዋደራ ካህናት፣ ኢማሞች፣ ፓስተሮችና አባ ገዳዎች በዚህ አንድ ነገር ላይ የሚለያዩበት ምክንያት የለም፤ የፍጥረትን ዘር መቁረጥ ኃጢአት መሆኑን በየመድረካቸው ይናገሩ። የመንግሥት ድርሻ ደግሞ ከሰል የምታከስለዋን እናት ከማሳደድ በፊት ሌላ እንጀራ መስጠት፣ በጭነት መኪና የሚወጣውን ጥድ በኬላ ማስቆም ነው። በከተማ ያለው አንባቢም ከሰልና የጥድ እንጨት ሲገዛ ከየት እንደመጣ ይጠይቅ፤ ሻጩ ካልመለሰለትም አይግዛ።